ከግራዋው አጠገብ የሚነገረው ታሪክ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ባለቤቴ ከቤት አባረረችኝ። ያባረረችኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ እሱም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት። በቀሩት ቀናት እንደምንም ልትችለኝ ቃል ገባች። ቅዳሜ ግን ቤቱ ይታጠባል፣ እህቶቿ ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር እመላለሳለሁ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ይሄ ባልዲ እዚህ ምን ይሠራል እላለሁ። «ሰውዬ፣ ዕድሜ ልክህን በር ስትጠብቅ ኖርክ፤ አሁን ደግሞ እኔን ልትጠብቅ ነው?» አለችኝ። እህቶቿ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ጥበቃ ነበርኩ። በወጣትነቴ ጥቂት ዓመታት እንጦጦ ጫካ ላይ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ ከተማ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ። ሥራው ደም ውስጥ ይገባል። ሰው ቦርሳ ይዞ በአጠገቤ ሲያልፍ እጄ ለፍተሻ ይዘረጋል። ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ ዓይኔ ከመቅደሱ ይልቅ ወደ በሩ ያመዝናል። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መፍትሔው የመጣው ከጎረቤታችን ነው። ጎረቤቴ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ የወጣ፣ ጸሎት የሚወድ፣ በጠዋት የሚዘምር ደስተኛ ሰው ነው። ዕድሜውን ሁሉ በማይክሮስኮፕ ተሕዋስ ሲያይ ስለኖረ ይመስለኛል፣ ጤነኛ ነገር ባየ ቁጥር ይፈነድቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ እላይ፣ ከጫካው ጋር የተያያዘውን የሕዝብ የዕፅዋት ሥፍራ ከሚያግዙ በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነው። ይኮተኩታሉ፣ ችግኝ ያጠጣሉ፣ ጎብኚ ያስጎበኛሉ። አንድ ቀን በራችን ላይ ቆሞ ይህን ሲተርክልኝ ቆየና «ለምን አንተም አትመጣም?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ከጓዳ «ይመጣል!» አለች።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት በእግራችን ወጣን፤ እሱ እየዘመረ፣ እኔ እያለከለክሁ። የቡድኑ አስተባባሪ የመጨረሻ ልጄን የምታክል ቀጭን ወጣት ናት። ስለ ዕፅዋት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተምራለች፤ የእያንዳንዱን ቅጠል የላቲን ስም እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። ፎርም ሰጠችኝ። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር ሞላሁ። «የቀድሞ ሥራ» የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ጥበቃ ብዬ ብጽፍ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ፤ «እንዲህ ከሆነማ ጋሼ በሩን ይያዙልን» ነው የሚሉኝ። ከበር ሸሽቼ መጥቼ መልሼ በር ላይ ልገተር? «የመንግሥት ሠራተኛ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። ያኔ ተንኮልም አልነበረበትም።

እንደ ሌሎቹ አረንጓዴ ሰደርያ ተሰጠኝ። ቁልፎቹ ሆዴ ላይ አልገጥም አሉ። ጎረቤቴ «በአንድ ወር ውስጥ ይገጥማሉ» ብሎ አጽናናኝ። ስድስት ወር አለፈ፣ እስካሁን አልገጠሙም።

የመጀመሪያ ሥራዬ አረም ማረም ነበር። አንድ መደብ አሳይተውኝ ሄዱ። እኔ ደግሞ ሥራ ከያዝኩ ቀልድ አላውቅም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ መደቡን እንደ ቤቴ ወለል አጸዳሁት። አንድ ቅጠል አልቀረም። አስተባባሪዋ መጣችና አየች። ከዚያም በጣም በትሕትና፣ ከነቀልኩት ውስጥ ግማሹ ከባሌ ድረስ ተፈልጎ የመጣ ችግኝ መሆኑን ነገረችኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ያን ጊዜ ነው ከኋላዋ አንዲት አጭር፣ ከሻሻቸው በላይ የገለባ ባርኔጣ የደረቡ ሴት ብቅ ያሉት። የነቀልኩት ክምር አጠገብ ቁጢጥ ብለው ቅጠሉን አንድ በአንድ እየለዩ፣ «ይሄ ይተርፋል፣ ይሄም ይተርፋል፣ ይሄንን ገድለውታል» እያሉ የተረፈውን መልሰው ተከሉ። ሲጨርሱ ጣታቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉና ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከመንቀልዎ በፊት ማን እንደሆነ ይጠይቁት» አሉኝ።

የቡድኑ ዋና እኚህ ሴት ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ትንሹም ትልቁም «እትዬ» ነው የሚላቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ግን አስተባባሪዋ እንኳ ግራ ሲገባት ቅጠሉን ይዛ የምትሮጠው ወደ እሳቸው ነው። እሷ የላቲኑን ስም ስትናገር እሳቸው ቅጠሉ ለምን መድኃኒት እንደሚሆን፣ ከብት ይበላው እንደሆነ፣ እንጨቱ ሲነድ ጭሱ ዓይን ያቃጥል እንደሆነ ይጨምሩበታል። የተጻፈውን ምልክት ሳያነቡ ወይራውን ከወይራ፣ ኮሶውን ከኮሶ ለይተው፣ ይሄኛው ሰነፍ ነው፣ ያኛው ውሃ ወዳድ ነው ይላሉ።

እኔን እንደ ረዳታቸው ቆጠሩኝ። «ጋሼ፣ ዶማ!» «ጋሼ፣ ውሃ!» «ጋሼ፣ ቆመው ከሚያዩኝ ያንን ድንጋይ ያንሱልኝ!» እኔም እታዘዛለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሳዝዝ የኖርኩ ሰው፣ ከትከሻዬ በታች ባሉ ሴት መታዘዝ ይህን ያህል እንደሚጥመኝ አላውቅም ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባርኔጣዬን በብሩሽ ሳራግፍ ባለቤቴ «ሙሽራው ተዘጋጀ» ትለኛለች። አልቆጣም። እውነቱን ልናገር፣ ከጡረታ በኋላ ሰው የሚፈልገኝ ቦታ ያ ብቻ ነበር። ቅዳሜን የምጠብቀው ሕፃን ሆኜ በዓል እጠብቅ በነበረው ዓይነት ጉጉት ነው።

በሁለተኛው ወር አስተባባሪዋ ጠራችኝና «ጋሼ፣ እትዬ ጎብኚ ሲያስጎበኙ እርስዎ ከኋላ ሆነው ሰው ቅጠል እንዳይቆርጥ ይዩልን» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የሰፈራችን ሰው የዕፅዋት ሥፍራ ሲመጣ የሚታየው ፋርማሲ ነው። ዳማከሴ ሲያይ ምች ያመመው ዘመድ ትዝ ይለዋል፤ ጤና አዳም ሲያይ እጁ ኪሱ ውስጥ አይቆይለትም። የመድኃኒት ዕፅዋቱ መደብ ከእያንዳንዱ ጉብኝት በኋላ እንደተላጨ ራስ ይሆናል። እንግዲህ ከበር ሸሽቼ መጥቼ እንደገና ጥበቃ ሆንኩ። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

በዚያው ቅዳሜ ነው ታሪኩን መጀመሪያ የሰማሁት።

እትዬ ጎብኚዎቹን አስከትለው ከአንድ ትልቅ ግራዋ አጠገብ ቆሙ። አሥራ አምስት የሚሆኑ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ወጣቶች ነበሩ፤ እኔ ከኋላ ቆሜ የሁሉንም እጅ እከታተላለሁ።

«ይሄ ግራዋ ነው» አሉ እትዬ። «ለሆድ ሕመም ይሆናል፤ የጠላ እንስራም ይታጠብበታል። ምሬቱን ግን እኔ ከምነግራችሁ አንድ ጥበቃ ቢነግራችሁ ይሻላል።»

ጥበቃ የሚለውን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ።

«እኔ ድሮ ከዚህ ጫካ እንጨት እየለቀምኩ ነው ልጆች ያሳደግሁ። ያኔ ክልክል ነው። ጥበቃ አለ። ከሁሉም አንድ ጎርናና ነበር፣ ድምፁ በርሜል ውስጥ የገባ ሰው ድምፅ ነው የሚመስል። አንድ ቀን ሸክሜን ይዤ ስወርድ ከቁጥቋጦው ዘሎ ወጣና "ቁሚ! አውርጂ!"» ብለው ድምፃቸውን አጎርንነው ጮኹ። ልጆቹ ደንግጠው ሳቁ። «አወረድኩ። ምን ላድርግ። እንጨቱን ቀማኝ፤ ገመዴንም ፈትቶ ክንዱ ላይ ጠቀለለው። ይሄን ሁሉ ሲያደርግ አገጩን ይዞ ያቃስታል። ለካ ጥርሱን አሞታል! "አንቺ፣ እናንተ ቅጠል ታውቃላችሁ አይደል፤ ለጥርስ የሚሆን የለም?" አይለኝ መሰላችሁ? እንጨቴን ቀምቶ፣ ገመዴን ይዞ፣ መድኃኒት ደግሞ! "አለ እንጂ ጌታዬ" አልኩትና ግራዋ እፍኝ ሙሉ ሸምጥጬ ሰጠሁት። "በደንብ አኝከው፤ እስከ መቶ ሳትቆጥር እንዳትተፋ፣ መድኃኒቱ ይረክሳል" አልኩት። እሱ መቁጠር ጀመረ፤ እኔ እግሬ አውጪኝ!»

ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዱ «ስንት ድረስ ቆጥሮ ይሆን እትዬ?» አለ።

«እሱን እግዜር ይወቀው።»

እግዜር ብቻ አልነበረም የሚያውቀው። አርባ ሦስት ድረስ ነው የቆጠርኩት።

ደሜ ፊቴ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ። ያ ጥርስ ከተነቀለ ቆይቷል፤ ምሬቱ ግን ምላሴ ሥር መጣ። ዓይኔን ጨፍኜ ሴትዮዋን ለማስታወስ ሞከርኩ። እንጨቱ ይታየኛል፣ ገመዱ ይታየኛል፣ ያበጠ አገጬ ይታየኛል። ከእንጨቱ ሥር ግን ማንም የለም። በዚያ መካከል ከመዘምራኑ አንዷ ጤና አዳም ቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ እያየኋት ዝም አልኩ። በሥራ ዘመኔ አይቼ ዝም ያልኩት የመጀመሪያው ነገር ያ ነው።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ግራዋው ላይ ስደርስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን እየጠረገች «ገመዱንስ ምን አደረግከው?» አለችኝ።

«ደንቡ ነበር። ለአለቃ አስረከብኩ።»

ሳቋ ቆመ። «ንገራቸው» አለች።

«እትዬን? ቡድኑ ምን ይለኛል? ቢያባርሩኝስ?»

«ካባረሩህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እወጣለሁ» አለችና ወደ ጓዳዋ ሄደች።

አልነገርኳቸውም። የሚቀጥለው ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ቅዳሜ ሲደርስ እሳቸው ከቤታቸው የመጣ ቆሎ ይዘግኑልኛል፣ ወሬ ያወሩኛል፣ በችግኝ ይቆጡኛል፣ እኔም አፌን በቆሎው እሞላለሁ። ታሪኩ ደግሞ በየሳምንቱ እየሰባ ሄደ። መጀመሪያ ጥበቃው ጎርናና ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወፍራም ሆነ። በአምስተኛው ከርፋፋም ሆነና ሲሮጥ ቁምጣው ወልቆ ወደቀ። ይህን ስሰማ አላስቻለኝም፤ በሕይወቴ ቁምጣ ለብሼ ጥበቃ ወጥቼ አላውቅም።

«ምናልባት ሱሪ ይሆናል» አልኩ ከኋላ።

ጎብኚዎቹ ዞረው አዩኝ። እትዬም አዩኝ።

«እርስዎ የት ያውቁታል?»

«አይ... ማለቴ... እላይ ብርድ ነው ብዬ ነው።»

«እሱስ ልክ ነው» አሉና በሚቀጥለው ሳምንት የወለቀው ሱሪ ሆነ። ያሻሻልኩት ይህን ብቻ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልን የባሕር ዛፍ ምንጠራው ቀን ደረሰ። እዚያ ሥፍራ የሚፈለገው አገር በቀል ዛፍ ነው፤ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው። ባሕር ዛፍ ግን አንዴ ተቆርጦ የሚቀር ዛፍ አይደለም፤ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ በየተወሰነ ጊዜ በጎ ፈቃደኞቹ ተሰብስበን ያቆጠቆጠውን እንመነጥራለን፤ ቅርንጫፉንም ወደ ታች፣ ወደ በሩ እናወርዳለን። ለዚህ ሥራ ጋሪ አለ። እትዬ ግን ጋሪውን ናቁት። ከሆነ ቦታ ገመድ አምጥተው ቅርንጫፉን ደረደሩ፣ ጠበቅ አድርገው አሰሩ፣ ተንበርክከው ጀርባቸውን አስጠጉና ብድግ አሉ። አስተባባሪዋ «እትዬ፣ ኧረ ጋሪ አለ!» ብላ ጮኸች። «ጋሪው ዳገቱን መች ያውቀዋል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ከታች፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ጋ፣ ለብቻዬ አንድ ጉቶ እየታገልኩ ነበር።

የቅጠል ኮሽታ ሰማሁና ቀና አልኩ። በጥዶቹ መካከል አንድ ሸክም እየወረደ ነው። ከሸክሙ ሥር የጎበጠ ወገብ። ከወገቡ ሥር ፈጣን ፈጣን የሚራመዱ ሁለት እግሮች። ሌላ ምንም አይታይም። በመድኃኔ ዓለም ስም እምላለሁ፣ አላሰብኩም። የት እንዳለሁ፣ ስንት ዓመቴ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ሰደርያ እንደለበስኩ ሁሉም ጠፋኝ። አፌ በራሱ ተከፈተና ከሆዴ ውስጥ፣

«ቁሚ! አውርጂ!»

እትዬም አላሰቡም። ማን ነው ብለው ዞረው አላዩም፤ «እንዴ» አላሉም። ትከሻቸውን አንድ ጊዜ ሰበቅ አደረጉና ሸክሙ ከኋላቸው ዘጭ አለ፤ እሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ጥዱ ውስጥ ሮጡ። ስልሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን የሚይዙ ሴት እንደ ሚዳቋ በዛፍ ሥሩና በድንጋዩ ላይ ዘለሉ። አንድ ሥር ጠልፏቸው እስኪወድቁ ድረስ ከዓይኔ ሊሰወሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ሌሎቹ ከላይ ሆነው ሁሉንም አይተዋል። መጀመሪያ ጎረቤቴ ሳቀ፣ አስተባባሪዋ ሳቀች፣ ሁሉም ሳቁ። ጎረቤቴ አጨበጨበ። «ተዋናይ ነህ ለካ! ልክ እንደ ታሪኩ!» እያለ። ታሪኩን ሁሉም በቃሉ ስለሚያውቀው እኔ እትዬን ለማስደንገጥ ጥበቃውን አስመስዬ የጮኽኩ መሰላቸው። እትዬም ወድቀው ከተቀመጡበት ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ይስቁ ጀመር።

«ጋሼ፣ ልቤን ሊያቆሙት ነው እንዴ! ድምፅዎ እኮ ቁርጥ እሱን!»

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። አብሬ ብስቅ ኖሮ ቀልደኛ ተብዬ እስከ ዕለተ ሞቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣ ነበር። ሰዎቹ እየሳቁ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ የመጠጥ ውሃዬን ይዤ እትዬ ወደተቀመጡበት ወጣሁ። መዳፋቸው ተልጦ አፈር ገብቶበታል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ እጃቸውን ያዝኩና ውሃ አፈሰስኩበት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፊታቸው አሁንም እየሳቀ ነው፣ ያወራሉ፣ ይቀልዳሉ፤ እጃቸው ግን አላቆመም። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በራሳቸው ቅዳሜ፣ ሰደርያ ለብሰው፣ ሠላሳ ዓመት ባለፈው ነገር እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እጄ ውስጥ ይዤው አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«እትዬ» አልኩ፣ «አርባ ሦስት ነው።»

«ምኑ?»

«አርባ ሦስት ድረስ ነው የቆጠርኩት።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው። እጃቸውን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብለው አወጡ። እላይ ሰዎቹ ይሳሳቃሉ፤ ጋሪው ይንቋቋል። እትዬ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

«ስንት ወር ነው?» አሉ በመጨረሻ። «ስንት ወር ሙሉ ነው ከኋላዬ ቆመህ ስትሰማኝ የከረምከው?»

ከተዋወቅን ጀምሮ «አንተ» ያሉኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ልክ ነበሩ።

«አራት ወር ሆነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለቀማሁዎትም፣ ዝም ስላልኩትም።»

«መጀመሪያ ስታየኝ አወቅኸኝ?»

«ከታሪኩ ነው ያወቅሁት።»

«ፊቴንስ? አሁን ስታስበው ፊቴ ትዝ አይልህም?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። እንዲህ ዓይነት ሻሽ አድርገው ነበር፣ ወጣት ነበሩ፣ ቆንጆ ነበሩ ብል ማን ያጣራብኛል? ግን አንድ ጊዜ እውነት መናገር ከጀመርኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።

«አላስታውስዎትም» አልኩ። «ግራዋውን አስታውሳለሁ። እርስዎን ግን አላስታውስም። ብዙ ነበራችሁ።»

ከቀማሁት እንጨት ይልቅ ይህ ነው የጎዳቸው። ፊታቸው ላይ አየሁት።

«ብዙ ነበርን» አሉ። «እኔ ግን አንድ ነበርኩ። አንተን ስንት ዓመት እንደረገምኩህ ታውቃለህ? በየጠዋቱ ነው! ጸሎቴን ጨርሼ አንተን እረግማለሁ፤ ቀጥዬ ፊቴን እታጠባለሁ። አንተ ደግሞ እኔ የሰጠሁህን ግራዋ አስታውሰህ እኔን ረሳኸኝ።»

ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ለምን እንዳወለቅሁት አላውቅም።

«ያ ገመድ የእኔ አልነበረም» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሰው ስጠይቅ ውዬ የተዋስኩት ነው። ሁለተኛ የሚያውሰኝ ሰው እስካገኝ ሳምንት ሙሉ ቤት ዋልኩ። ለሰው የማወራው መሮጤን ነው። ይሄንን አላወራም። ቤት መዋል ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ልጆቹ ምንም አይሉህም። ያዩሃል።»

ባለቤቴ «ገመዱንስ ምን አደረግከው?» ብላ ሳቋን ያቆመችው ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ይቅርታ የሚለውን ቃል እንደገና አወጣሁት፤ አነሰብኝ፣ ግን ሌላ አልነበረኝም።

አስተባባሪዋ ከላይ «እትዬ፣ ተጎዱ እንዴ?» ብላ ተጣራች። እሳቸው ያልተጎዳውን እጃቸውን አውለብልበው መለሷት።

«እኔም ብሆን» አሉ ቆይተው፣ «ፊትህን አላውቀውም። ባውቀውማ በመጀመሪያው ቀን በዶማ እልህ ነበር።» ትንሽ እንደ መሳቅ አደረጋቸው። «ሸክም ሥር ሆኖ ፊት ማን ያያል? የማውቀው ጫማህን ነው። የግራው ማሰሪያ ጠፍቶብህ በሽቦ አስረኸው ነበር።»

ነበር። ሽቦው ቁርጭምጭሚቴን ይቆርጠኝ ነበር። ይህን ባለቤቴ እንኳ አታውቅም።

«ወፍራምም አልነበርኩም» አልኩ።

«አልነበርክም። እግርህ ቀጫጫ ነበር። ለሰው ደስ እንዲል ነው ያወፈርኩህ።»

ከዚያ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና «እስኪ ቀና ይበሉ» አሉኝ። እርስዎ ተመልሶ መጣ። «ቀና ይበሉ፤ ልይዎት።»

ቀና አልኩ። ስድስት ወር አብሬያቸው ስሠራ በደንብ ያየኋቸው አይመስለኝም፤ የማየው ሁልጊዜ እጃቸውንና የሚያመለክቱትን ቅጠል ነበር። ቡናማ ዓይን አላቸው፣ የግራው ቆብ ዝቅ ያለ። ጉንጫቸው ላይ፣ ከጆሯቸው ወረድ ብሎ፣ ቅርንጫፍ የጫረው የሚመስል አሮጌ ጠባሳ። እሳቸውም እኔን ያዩኛል፤ ግንባሬን፣ ሽበቴን፣ ያ ጥርስ የወጣበትን ክፍተት። ስንተያይ ቆየን። ዓይኔን ለማሸሽ ፈልጌ ነበር፣ ግን አልሸሸሁም።

«እንግዲህ» አልኩ፣ «አሁን የሚረግሙት ፊት አገኙ።»

«እሱ እኮ ነው የቸገረኝ» አሉና ተደግፈውኝ እንዲነሱ የተላጠውን እጃቸውን ዘረጉልኝ።